ለአባቴ የቆረጥንላቸው ዕድሜ

አባቴ ዘጠና ዓመት የሞላቸው በቴሌግራም ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ጉዳዬ ብለው አያውቁም። ሲጠየቁ "የመኪናው መንገድ ሲቆረጥ እኔ ሚስት አግብቼ ነበር" ይሉና ዝም ይላሉ፤ የቀረውን ጠያቂው ይደምረው። መታወቂያቸው ላይ አንድ ቁጥር አለ። እሱም የቀበሌው ጸሐፊ ቀና ብሎ ፊታቸውን አይቶ የገመተው ነው። እኔ በበኩሌ ሰማንያ አምስት ይሁኑ ሰማንያ ስምንት ግድ አልነበረኝም። ግድ የነበረኝ ዓይናቸው ነበር።

ስለ ዕድሜ የማወራው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ዕድሜ እንደ ልብስ ሲሰፋና ሲጠብ ያየሁት እዚያ ነው። ሥራ ሲለምን ትልቅ ሰው የነበረው፣ ጡረታው ሲቃረብ ልጅ እግር ይሆናል። ከታናሽ ወንድሙ ያነሰ ታላቅ፣ በአሥር ዓመቱ መምህር ሆኖ የተቀጠረ፣ እናቱ ከሞተች በኋላ የተወለደ ሰው በእጄ አልፏል። የራሴም ፋይል እዚያው እጄ ላይ ነበር፤ አልነካሁትም። ስድሳ ሲሞላኝ ጋቢ አለበሱኝና "እንግዲህ ይረፉ" ብለው አጨበጨቡልኝ። ካጨበጨቡት መካከል ቢያንስ ሁለቱ በዕድሜ ይበልጡኛል።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመምሪያ ኃላፊ ነው። እናታችን እኔን ስትወልድ እሱ ፊደል ቆጥሮ ነበር፤ በፋይሉ ላይ ግን ታናሼ ነው። ታናሽ እህታችን እዚያው አዲስ አበባ የልብስ ሱቅ አላት። ፌስቡኳ ላይ አርባ ሁለት ከሞላት ሰባት ዓመት ሆናት፤ ዛሬም አርባ ሁለት ናት። ከመላው ቤተሰብ ዕድሜ እንዲጨመርባቸው የተፈረደባቸው አባታችን ብቻ ሆኑ።

አባቴ ወደ እኔ የመጡት እናቴ በሞተች በዓመቷ ነው። ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ብቻቸውን ቀርተው ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ያ መንደር በሰው ጢም ያለ ነበር። ዛሬ ግማሹ ወጣት ቦንጋና ጅማ፣ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ሴቶቹ ዓረብ አገር ናቸው። የቀረው ሽማግሌ ነው። ቡናው ለቃሚ አጥቶ ከሥሩ ይረግፋል። እንሰት ከሚፍቁት ሴቶች መካከል ትንሿ ስድሳ አልፏታል። ሰው ሲሞት ቃሬዛውን የሚሸከሙት ራሳቸው ምርኩዝ የሚይዙ ናቸው፤ ጥቂት ሄደው ያሳርፉታል፣ ተንፈስ ብለው እንደገና ያነሱታል። በየስብሰባው "አገር ተረካቢው ወጣት" ሲባል እሰማለሁ። እኛ መንደር ግን ሊረከብ የቆመ ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ወደ ምንጩ ሲወርዱ አዳለጣቸውና ወደቁ። ድሮ በዚያ መንገድ ውሃ ቀጂው ይተራመስበት ነበር። ያን ቀን አንድም ሰው አላለፈም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያገኟቸው አንድ የዕድሜ ጓደኛቸው ናቸው፤ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታቸው፣ የጠፋች ፍየል ሲፈልጉ። ሊያነሷቸው ሞከሩ፣ አልቻሉም። ስለዚህ አጠገባቸው ቁጭ አሉና ሁለቱም ባንድ ላይ ይጣሩ ጀመር። ሰው እስኪደርስላቸው ድረስ የሁለቱም ድምፅ ተዘግቶ ነበር። በኋላ ይህን ሲያጫውቱኝ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልሳቅሁም። በሳምንቱ ሚኒባስ ተኮናትሬ አባቴን ቦንጋ አመጣኋቸው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደወለ። "ጥሩ አደረግሽ። አንቺ እኮ ልጅ የለሽ፣ ባልሽም ከሞተ ቆየ፣ አሁን ደግሞ ጡረታ ልትወጪ ነው። ጊዜ አለሽ" አለኝ። እህቴም ይህንኑ ለስለስ ባለ ቃል ደገመችው። በእኛ ቤት ልጅ ያልወለደች ሴት ጊዜ እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ ማንም ከብቱን ይለቅበታል።

ቀድሞም ደክሞ የነበረው የአባቴ ዓይን ቦንጋ ከገቡ በኋላ ይባስ እየከዳቸው መጣ። ሁለቱንም ሞራ ሸፈናቸው። መጀመሪያ ሰው መለየት አቃታቸው፣ ቀጥሎ በሩን ከግድግዳው መለየት፤ በመጨረሻ የቀራቸው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ሆነ። አማርኛቸውም አብሮ ሄደ። ጎልማሳ ሳሉ ገበያ ላይ ከነጋዴ ጋር የሚከራከሩበት አማርኛ ነበራቸው። እርጅና ሲመጣ እንደ ውሰት ዕቃ መለሱትና የካፋው ቋንቋችን ካፊኖኖ ብቻ ቀራቸው። አዲስ አበባ ያሉት የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ አንድ የካፊኖኖ ቃል አያውቁም። በዓል ሲመጣ ይደውላሉ፤ "አባባ፣ እንወድሃለን!" እያሉ ይጮኻሉ። አባቴ ስልኩን ወደ እኔ ይዘረጋሉ።

"ምን ይላል?"

"ደህና ነኝ፣ እንዴት ኖት ይላል።"

"ታዲያ ምን ያስጮኸዋል? ከሰው ተጣልቶ ነው?"

የመረመራቸው ሐኪም፣ ጅማ ሄደው ሞራው ቢነሳላቸው እንደሚያዩ ነገረኝ። ብቻ ከሳምንት በላይ አብሯቸው የሚሰነብት፣ ደግፎ የሚያስነሳና የሚያስቀምጥ ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልጋል አለኝ። ጉልበት ሲል አንገቴን ደፋሁ። የእኔ ጉልበት እንኳን አባቴን እኔንም ዳገት አያወጣኝ። ያን ቀን፣ ሐኪሙ ዘንድ ሳንገባ፣ ወረፋው ላይ ሆኜ ዙሪያዬን ቃኝቼ ነበር። ዘጠና የሚጠጉ እናቷን የያዘች፣ የእኔ እኩያ የሆነች ሴት አለች። ታላቅ ወንድሙን የሚመራ ሽማግሌ አለ። ባሏን ደግፋ ራሷ የምታነክስ ባልቴት አለች። አሮጌው አሮጌውን ይዞ ተሰልፏል። ነርሷ ከክፍሉ ብቅ አለችና እኔንና አባቴን እያፈራረቀች አይታ፣ "ከሁለታችሁ ታማሚው የትኛችሁ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ "የአባባ ልጆች" ይባላል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ያለኝን አንድም ቃል ሳላስቀር ጻፍኩበት። እኔ ጉልበቴ እንደማይችል፣ ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ ጅማ እንዲወስዳቸው ለመንኩ። ሁሉም አይተውታል፤ ማየታቸውን ስልኩ ራሱ ይናገራል። ሦስት ቀን ሙሉ የመለሰልኝ አልነበረም። በአራተኛው ቀን እህቴ ጻፈች። "ውዶቼ፣ አባባ እኮ ዘንድሮ ዘጠና ዓመቱ ነው! እንዴት ዝም ብለን እናልፈዋለን?"

ስልኬ ሲንጫጫ ዋለ። ልቡ፣ ጭብጨባው፣ ርችቱ፣ ኬኩ ተግተለተለ። ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ የልጅ ልጅ ሳይቀር "ቢግ ዴይ!" ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ እንደ ኃላፊነቱ፣ መጨረሻ ላይ መጥቶ "በደማቁ ይከበራል" ሲል አጸደቀው። ከራሱ ፋይል የቀነሳቸውን ዓመታት አባቱ ላይ ደመራቸው። እንግዲህ አባቴ ዘጠና የሞላቸው በዚህ ሁኔታ ነው።

ደወልኩለት።

"ዓይናቸውስ?" አልኩት።

"እሱን ከልደቱ በኋላ እናያለን።"

"እናንተማ ታያላችሁ። የማያዩት እሳቸው ናቸው።"

"አንቺ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ። አረጋዊን ማክበርም እኮ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው" አለኝ። ይህቺን አነጋገር አንድ ስብሰባ ላይ ተናግሯት እንደተጨበጨበለት ወዲያው ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ልጅ በስልክ አይነገርም።

ዓርብ ዕለት በሁለት መኪና መጡ። ኬኩ ከአዲስ አበባ ድረስ በወንድሜ ሚስት ጭን ላይ ተቀምጦ ነበር የመጣው። እሷ በዚያ ሁሉ መንገድ እግሯን አላንቀሳቀሰችም፤ ለኬኩ ያሳየችውን ትዕግሥት ሩቡን ለአማቷ አሳይታ አታውቅም። "ቦንጋም እኮ ኬክ አለ" ብዬ ለእህቴ ብነግራት ከት ብላ ሳቀች። ፊኛ መጣ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ ፎቶ አንሺ መጣ። የአባቴ ፎቶ የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለእያንዳንዱ ተሰፍሮ መጣ። ፎቶው ከመታወቂያቸው ላይ የተነሳ ነው። ይኸው ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ግቢው በር ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው።

ድንኳን ደግሞ ከእድር ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ። የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ቁልፉን እያነሳ ቆቡን አወለቀ።

"እትዬ፣ ነፍስ ይማር! መቼ አረፉ?"

"አላረፉም። ልደታቸው ነው።"

"የማን?"

"የአባቴ።"

ሰውየው ቆቡን በእጁ እንደያዘ ትንሽ አሰበና፣ "ዝናብ እንዳያገኘው ብቻ" ብሎ ድንኳኑን ሰጠኝ።

ቤት ስደርስ እህቴን ለብቻዋ ጠራኋት። "የእድር ድንኳን፣ በር ላይ ትልቅ ፎቶ፣ ፎቶ ያለበት ቲሸርት። ይህ ሁሉ ባንድ ቤት ሲገኝ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ጠፋሽ?" አልኳት።

"አንቺ ሁሉንም ነገር ለቅሶ ታደርጊዋለሽ" አለችኝና ፊኛ ልትነፋ ሄደች።

ወንድሜ ደግሞ የአገር ሽማግሌ የሌለበት በዓል አይደምቅም አለ፤ "ፎቶ ላይም ያምራል" ሲል ጨመረ። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሚኒባስ ወደ መንደራችን ተላከ። ስድስት ሽማግሌዎች ይዞ ሊመጣ ነው፤ አባቴን ምንጩ መንገድ ላይ ወድቀው ያገኟቸው ጓደኛቸውም አንዱ ናቸው። ሾፌሩ ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው "በጓደኛችሁ ጉዳይ ቦንጋ ትፈለጋላችሁ" የምትለዋን ብቻ ነበር። ጉዳይ የተባለውን እነሱ በራሳቸው መንገድ ተረዱት። ምን ያድርጉ! በዚህ ዕድሜያቸው መኪና ተልኮላቸው የሚያውቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ወረዱ። ቀና ሲሉ የተሰቀለውን ፎቶ አዩ፤ ከፎቶው ወዲያ ድንኳኑን፤ ከድንኳኑ ሥር ፎቶ ያለበት ቲሸርት የለበሱትን ልጆች። የአባቴ ጓደኛ ምርኩዛቸውን ጣሉ። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከእኛ በታች ያሉት የጎረቤት ሴቶችም ለቅሶ ሰምተው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደ ግቢው ገቡ። የልጅ ልጆቹ ፊኛ ይዘው ቆመው ቀሩ። እህቴ "ኖ፣ ኖ፣ ኖ!" እያለች እጇን ታወዛውዛለች።

እኔ ጓዳ ነበርኩ። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ፣ በጨርቅ በተሸለመ ወንበር ላይ፣ አዲስ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ለቅሶውን ሲሰሙ "ማን ሞተ?" ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው ካሉት መካከል ካፊኖኖ የሚሰማ አልነበረምና የመለሰላቸው የለም። እንደገና ጠየቁ። ዝም ሲባሉ የባሰ መሰላቸው። እኔ ስደርስ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ወንበሩን ጨብጠው፣ "ስሙን ንገሩኝ እንጂ! ማንን ብዬ ላልቅስ?" ይላሉ።

ጓደኛቸው ይህን ድምፅ ሲሰሙ ቀጥ አሉ። እየተንቀጠቀጡ መጡና የአባቴን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ማን ነው የሞተው?"

"አንተ ነሃ!"

አባቴ "ለእኔ ማንም አልነገረኝም" አሉ።

ሁለቱም ሳቁ፤ ተቃቅፈው ሳቁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም፤ በተለይ አንደኛው በጣም ተቆጥተው "በሞት ይቀለዳል?" እያሉ ወደ ሚኒባሱ ሊመለሱ ነበር። ለምኜ አስቀመጥኳቸው። ፎቶ አንሺው ይህን ሁሉ አንስቶታል። እህቴ በማግስቱ "እንባ የተራጨንበት ቀን" ብላ ለጠፈችው። ውሸት አልጻፈችም።

ከዚያ ኬኩ ቀረበ። መሃሉ ላይ እንደ ርችት የሚንቦገቦግ ሻማ ተሰክቶበታል። ሻማው ሲለኮስ አባቴ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ። "ብርሃን ነው" አሉኝ። ልጆቹ ባንድ ድምፅ "እፍ! እፍ በል!" ይላሉ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?"

"አጥፋው ነው የሚሉት።"

"የማየው ይህን ብቻ ነው" አሉ። "ለምን አጠፋዋለሁ?"

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ጥያቄያቸውን ወደ አማርኛ ብመልሰው የሚሰማኝ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ሙዚቃው ይጮኻል። እህቴ ጎንበስ አለችና በእሳቸው ስም እፍ አለችው። ሁሉም አጨበጨበ።

ወንድሜ ማይክሮፎኑን ያዘ። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "አረጋውያን የአገር ቅርስ ናቸው" ብሎ ጀመረ። በአማርኛ ነው የሚናገረው፤ የሽማግሌዎቹ ቋንቋ እንዳልሆነ እያወቀ። አባቴ ያስተማሩትን ጨዋነት፣ የከፈሉለትን መሥዋዕትነት፣ ለቤተሰቡ ያላቸውን ውድ ቦታ ዘረዘረ። ቅርስ ያለው ነገር ልክ ነው። ቅርስ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ ፎቶ ይነሳል፣ በዓመት አንዴ እንግዳ ይጎበኘዋል፣ ጣራው ሲያፈስ ማንም አይመጣም።

አባቴ እጄን ነካ አደረጉ። "ምን ይላል?"

በሕይወቴ አባቴን ዋሽቼ አላውቅም ብል እሱም ሌላ ውሸት ነው። ስልክ ስተረጉምላቸው ስንት ጊዜ አሳምሬላቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ያደረግሁትን አስቤበት አልነበረም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ጮክ ብዬ፣ ስድስቱም ሽማግሌዎች እንዲሰሙኝ፣ በካፊኖኖ እንዲህ አልኳቸው፦ "ሰኞ ጅማ ወስጄ ዓይናቸውን አሳክማለሁ ይላል። እስኪያዩ ድረስ ከአጠገባቸው አልለይም ይላል።"

ወንድሜ ካፊኖኖ ረስቻለሁ ማለት ይወዳል። ያን ቀን አልረሳውም። የሚያነበው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቆመ፤ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌዎቹ "እሰይ! ልጅ ማለት ይህ ነው!" እያሉ እርስ በርስ ተያዩ። ተቆጥተው የነበሩት እንኳን ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። አየሩን እየዳሰሱ የልጃቸውን ጭንቅላት ፈለጉ፤ እሱም ወዶ ሳይሆን ቸግሮት አጎነበሰላቸው። እጃቸውን ጫኑበትና መረቁት። ረጅም ምርቃት ነበር። ሽማግሌዎቹ በየመሃሉ አሜን ይላሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ምን እንደተባለ ሲጠይቁ ማይክሮፎኑን ከወንድሜ እጅ ተቀበልኩና በአማርኛ ነገርኳቸው። የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባ ያኔ ነው የተጨበጨበው። የገዛ ሚስቱም አጨበጨበች፤ እሱ ግን ፊቱ ኖራ መስሏል።

ትንሽ ቆይቶ ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

"ምን አደረግሽኝ?"

"ተረጎምኩልህ።"

"እኔ ሥራ አለኝ እኮ! ሰኞ ስብሰባ አለኝ! ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ተሸክሜ..."

"በፋይልህ መሠረት ገና ጎልማሳ ነህ" አልኩት። "ትችላለህ።"

ፊቱን አዙሮ ወጣ። ሄዶ እንደሚተወኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ግን ምርቃት ከባድ ነገር ነው፤ በተለይ ስድስት ምስክር ሲኖረው። ሌሎቹ እሁድ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ እሱ ቀረ። ሰኞ ማለዳ አባቴን ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባቸው። ጅማ እስኪደርሱ ድረስ አባቴ በመስኮቱ በኩል የማያዩትን ዛፍ ሁሉ በስሙ ሲጠሩለት እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ደወለ። በሁለተኛው ቀን አምስት ጊዜ።

"ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ነው የሚሄዱት?"

"ሰባት፣ ስምንት ጊዜ።"

"ያልበሰለ ነው እያሉ ምግቡን መለሱት።"

"ጥርስ የላቸውም። አላምተህ ስጣቸው አልልህም፤ አድቅቅላቸው።"

"ወገቤ ሊቆረጥ ነው!"

"በግራ በኩል ያዛቸው፤ በቀኝ ከያዝካቸው ይከብዳሉ።"

ከዚያ በኋላ መደወሉን ተወ። በአምስተኛው ቀን ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ አየሁ። አባቴ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ ጎናቸው ቆሞ ትከሻቸውን ይዟል። ከሥሩ "አባትን ማሳከም የልጅ ግዴታ ነው" ይላል። "አንተን የመሰለ ልጅ ይብዛ" የሚል አስተያየት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። እህቴም ጽፋለች። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩና እግሬን በሞቀ ውሃ ዘፈዘፍኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ ዘፍዝፌው ቆየሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሱ። ወንድሜ ከስቶ ነበር። ሻንጣውን እንኳ ሳያስገባ ወንበር ላይ ወደቀና ያስረዳኝ ጀመር።

"አንቺ አታውቂውም እንዴት ከባድ እንደሆነ" አለኝ። "ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። አስታማሚውም እኮ ይደክማል፤ ይህን ማንም አያስተውለውም። እረፍት ያስፈልገዋል፣ ተተኪ ያስፈልገዋል። እኔ ይህን ነገር እንደተመለስኩ በፕሮፖዛል መልክ ነው የማቀርበው።"

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች። አፌን ይዤ አዳመጥኩት። ለማን እንደሚያቀርበው አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ጠዋት ሄደ፤ ሲሰናበተኝ ግን እንደ ወትሮው ትከሻዬን መታ መታ አላደረገም። እጄን ይዞ ትንሽ ቆየ።

አባቴ በታከመው አንድ ዓይናቸው ያዩ ነበር። የተመለሱ ዕለት ከመኪናው ሲወርዱ አጥሩን አዩ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ዳገት አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ቆዩና ወደ ወንድሜ ዞሩ።

"ይህች ባልቴት ማን ናት?"

"ልጅዎ ናት እኮ" አላቸው።

አላመኑም። ቀርበው ፀጉሬን ነኩት፤ ነጭ ነው። ፊቴን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ በሐሳባቸው ያዩት የነበረው፣ ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት የሚያውቋትን ሴት እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?" አሉኝ።

ለሁሉም ሰው ምላስ አለኝ። ወንድሜን፣ እህቴን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የሚያጨበጭበውን ሁሉ ባንድ ቃል ማስቀመጥ አያቅተኝም። በዚህኛው ግን ነጠላዬን ነጩ ፀጉሬ ላይ ሳብ አደረግሁና ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ወደ ምድጃው ተነስቼ ስሄድ እየተከታተሉ ሲያዩኝ ቆዩ። "ታነክሻለሽ" አሉ። "ትንሽ" አልኩ። "እኔን አንቺ ታይኛለሽ። አንቺንስ ማን ያይሻል?" አሉኝ። "ጎረቤት አለ" አልኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አባቴ ያን ገና አላወቁም ነበር። በሳምንቱ በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ሲቃኙ ውለው ግን አወቁት። "ይህ ሰፈር ወጣት የለውም እንዴ?" ብለው ገቡ።

ሁለተኛው ዓይናቸው በሞራ እንደተሸፈነ ነው። ግሩፑ ላይ ጽፌያለሁ፤ ሁሉም አይተውታል። ወንድሜ የልብ ምልክት አድርጎበታል። እጠብቃለሁ እንዳልል አልጠብቅም፤ ተውኩት እንዳልል በየሳምንቱ እጽፋለሁ።

አባቴ ግን ማየት ከጀመሩ ወዲህ ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም ብለዋል። ምስር የሚለቅሙት እሳቸው ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ባንድ ዓይናቸው አንድ በአንድ ያዩታል። ትናንት ከምስሩ የማትለይ ደቃቅ ጠጠር አንስተው መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። መነጽሬን ካላጠለቅሁ አልታየችኝም።

"አንቺ ብትለቅሚው ኖሮ" አሉኝ፣ "ይህችን በልተናት ነበር።"